የባሌ ማደሪያ

ባሌ የሚያድርበትን ቦታ ለሰው ከመናገር ጥርሱን ቢያወልቁት ይመርጥ ነበር። ጣልያን መተማን ሲይዝ እሱ ከኮኪት ወዲያ ጫካ ከገቡት አርበኞች አንዱ ነው። ባንዳ በየመንደሩ ሲያስሰው የከረመ ሰው ዛሬ ካደረበት ነገ አያድርም፤ ለእናቱም አይናገርም። እኔን ካገባ በኋላም ማታ ማታ ቁርበቱን ጠቅልሎ ሲወጣ ወዴት ብዬ አልጠይቀውም ነበር። ብጠይቀውም አይመልስልኝም።

የጫካው ኑሮ ሲጠናብን ድንበር ላይ ያለችውን ወንዝ ተሻግረን ሱዳን፣ ገላባት ገባን። ወንዝ አልኳት እንጂ በበጋ ቁርጭምጭሚት አታረጥብም። የመተማ ዶሮ ሲጮኽ ገላባት ይሰማል። ያም ሆኖ እንግሊዝ በሚገዛው አገር ቆመናልና የውጭ አገር ሰዎች ተባልን። የጣቢያው ሻዊሽ፣ ቁመተ ረጅም ሱዳናዊ የፖሊስ አለቃ፣ ሕጉን ነገረን። ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ የውጭ አገር ሰው የሚያድርበትን ቤት ለጣቢያው ያሳውቃል፤ ማደሪያውን ሲለውጥም ቶሎ መጥቶ ይናገራል፤ በተናገረው ቦታ ሲፈለግ ካልተገኘ ወደመጣበት ይመለሳል። ለሌላው ሰው መመለስ መመለስ ነው። ባሌን ግን ማዶ የቆሙት ባንዶች በመልኩ ያውቁታል፤ ለእሱ መመለስ ማለት ስቅላት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀሎን ነበር። ከአንድ እስላም ነጋዴ ሱቅ ጀርባ የሣር ጎጆ ተከራይተን እሷን ተናገርን። ባሌ ያን ቀን ፊቱን አጥቁሮ ዋለ። ማሽላው ሲያሸት ግን ወፍ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረና ማደሪያው ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻ መሀል የቆመ ማማ ሆነ።

"ለጣቢያው ይንገሩ እንጂ!" አልኩት። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ ስቆጣም አንቱ እያልኩ ነው የምቆጣው። ዛሬ እሱ እያልኩ የምጽፈው ደስ ስለሚለኝ ነው።

"አብደሻል? ለጣቢያ የተነገረ ነገር ገበያ ወጣ ማለት ነው። ባንዳ በሌሊት ወንዝ መሻገር የማያውቅ መሰለሽ?"

"ፈልገው ጎጆው ውስጥ ቢያጡዎትስ?"

"ማን ይፈልገኛል? ዝም በይ!"

በዚያው ሰሞን ከእኛ ቀድሞ የተሻገረ አንድ ጎረቤታችን በተናገረው ቤት ሳይገኝ ቀረና መለሱት። ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ እህል አልወርድ አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ነጠላዬን ተከናንቤ ጣቢያ ሄድኩ።

"ባሌ ከትልቁ ሮቃ ዛፍ ባሻገር ያለው እርሻ ውስጥ፣ ማማ ላይ ነው የሚያድረው" አልኩት ሻዊሹን።

"ማማ ቤት የለም" አለ እየሳቀ፣ በተሰባበረ አማርኛው።

"ሰው ከተኛበት ቤት ነው። ይጻፉት!"

ጻፈው። "ኸላስ፣ አለቀ" ብሎ አሰናበተኝ።

መደበቅ አይሆንልኝም። ያኑ ዕለት ምሳውን ይዤለት ሄጄ ነገርኩት። ከማማው ላይ ቁልቁል አየኝ፤ እንዲያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

"ሸጥሽኝ" አለ። "ከእንግዲህ እግርሽ እዚህ እንዳይደርስ! እኔም ዛሬ እዚህ አላድር።"

እኔስ ቁጣ መቼ አጣሁ! "ጅብ ይብላዎት!" ብዬ ምሳውን ማማው ሥር ጥዬለት ተመለስኩ። አኩርፌ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ስንቅም አላደርስለትም ብዬ ማልኩ። ቀን ቀን ስራገም እውላለሁ፤ ሲመሽ ዛሬስ የት ወድቆ ይሆን እያልኩ አለቅሳለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ እንስራዬን አዝዬ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሻዊሹ ግመል እየጎተተ ከእርሻው በኩል ሲመጣ አየሁ። ግመሉ ላይ ሰው ተጋድሟል። በጋቢው አወቅሁት። መንገዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዟ የሚወርደው ነው። ሊያሻግሩብኝ ነው! እንስራዬን ወርውሬ ሮጥኩና የግመሉን ገመድ አንቄ ያዝኩ።

"ተናግሬ የለም ወይ! መጥቼ ተናግሬ የለም ወይ!" እያልኩ ጮኽኩ።

"ንዳድ!" አለ ሻዊሹ ግንባሩን እያሳየኝ። "ንዳድ ይዞታል። ሐኪም ቤት!"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሻዊሹ የተናገርኩት እውነት መሆኑን ሊያይ ወደ ማማው ይሄዳል። ቢጣራ መልስ የለም። ሲወጣ ባሌ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ራሱን ስቶ፣ የተጠቀለለ ቁርበቱን ተንተርሶ ያገኘዋል። ለካ በተጣላን ማታ ቁርበቱን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲነሳ ነው ንዳዱ አንቀጥቅጦ የጣለው። የእርሻው ጌታ ለአጨዳ ካልሆነ ዝር አይልም፤ እኔ አኩርፌያለሁ። እንዳሰበው ከማማው ወርዶ ሣር ውስጥ አድሮ ቢሆን ኖሮ ማንም አያገኘውም፤ ያ የጅብ እርግማኔ በደረሰ ነበር።

ግመሉ ወንዟ ጋ ሳይደርስ ወደ ሐኪም ቤቱ ታጠፈ። መንገዱ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ እብድ ናት ብሎኝ ሳይሆን አይቀርም፤ ይበል።

ኪኒኑ እየመረረው ሰነበተና ዳነ። ሸጥሽኝ ያለውን አላነሳም፤ እኔም ጅቡን አላነሳሁም። በእግሩ መቆም ሲችል ምርኩዙን ይዞ "ነይ" አለኝና ጣቢያ ሄድን። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ሻዊሹ ገና ቀና ሲል ባሌ ሳይጠየቅ ተናገረ።

"ከማማው ወርጃለሁ" አለ። በምርኩዙ ወደ እኔ አመለከተ። "ከዛሬ ጀምሮ የማድረው እሷ ዘንድ ነው።"

ሻዊሹ ብዕሩን አነሳ።