ጀማል ሱቅ የረሳሁት ላስቲክ

ነገሩ የሆነው አምና በረመዳን ነው። ዛሬም ጥርት ያለ ውሃ የያዘ የላስቲክ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ባየሁ ቁጥር ውስጡ ምን እንዳለ ሳልጠይቅ አላልፍም።

የዚያን ቀን ጅልነቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ ራሴ ባወራው ይሻላል። ዕድሜዬን የፈጀሁት የውሃ ጥራትና ብክለት በማጥናት ነው። ጡረታ ብወጣም አርፎ መቀመጥ አልሆነልኝም። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የመርካቶ ሱቆች የሚያጠራቅሙትን ውሃ ሲያጠና ናሙና እሰበስብለት ነበር። ናሙናው ውስጥ ያለው ብረታ ብረት ጠርሙሱ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ያን ዕለት ጠዋት የአሲዱ ጠርሙስ ክዳን ተሰነጠቀብኝ። ታዲያ ሊቁ ምን አደረግኩ? ውሃ የጠጣሁበትን ላስቲክ አንስቼ አሲዱን ገለበጥኩበት። የተበረዘ ስለሆነ በመልክ ከውሃ አይለይም፣ ሽታውም እምብዛም ነው። ምልክት እንኳ አልጻፍኩበትም። ምንም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ይዞ ያገኘሁትን ተማሪ ከላቦራቶሪ አባርር የነበርኩት ሰውዬ እኔው ነኝ!

የመጨረሻው ናሙና ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ጀማል ሱቅ ነበር። እሱም አባቱም ጾም ላይ ናቸውና ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ አንድ እሽግ ቴምር ይዤለት ገባሁ። ቦርሳዬን ባንኮኒው ላይ ዘርግፌ ከጓሮው ታንከር ውሃ ቀዳሁ፣ አሲዱን ጠብ አደረግኩ፣ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። የሰበሰብኩ መስሎኝ ማለት ነው።

ጎጃም በረንዳ ስደርስ ጉሮሮዬ ደረቀ። የምጠጣውን ውሃ የያዝኩት በዚያው ዓይነት ላስቲክ ነበር፤ አውጥቼ ተጎነጨሁ። ከተጎነጨሁ በኋላ ነው ክው ያልኩት። አሲዱ ቢሆንስ ኖሮ? ደግነቱ ደህና ውሃ ነው። ታዲያ አሲዱ የታለ? ቦርሳዬን እዚያው መንገዱ ዳር ዘረገፍኩ። የለም።

ባንኮኒው ላይ፣ ከቴምሩ አጠገብ!

ለጾመኛ ማፍጠሪያ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። ቴምርና ውሃ ጎን ለጎን ትቼ ስወጣ ጀማል ምን ይላል? "ጋሼ ማፍጠሪያ አመጡልን" ነው የሚለው። ቀና ስል ፀሐይዋ ከፎቆቹ ጀርባ ገብታለች። እስካሁን ጾሙ ጠብቆታል፤ አዛን ሲል ግን ይከፍተዋል። ስልክ ቁጥሩ የለኝም።

ሮጥኩ። የእኔን ሩጫ ያየ ሰው ወንበር ያቀርብልኛል እንጂ መንገድ አይለቅልኝም። ሰዉ ለማፍጠር ወደየቤቱ ይጣደፋል፣ ጋሪው ይገፋል፣ መንገዱን የዘጋ የጭነት መኪና ይጫናል። አንድ ወዛደር ክንዴን ያዘኝ።

"ጋሼ፣ ተሰረቁ እንዴ? ሌባው በየት ገባ?"

"ምን ሌባ! ልቀቀኝ፣ ሰው ልገድል ነው!"

ይሄን ሲሰማ ይባስ አጥብቆ ያዘኝ። "በዚህ ዕድሜዎ? ተዉ እንጂ ጋሼ፣ ሰይጣንን አይስሙት!"

"መርዝ ሱቅ ውስጥ ረስቼ ነው! ውሃ መስሏቸው ሊጠጡት ነው!"

ያኔ ለቀቀኝና "ዞር በል! ዞር!" እያለ ከፊቴ ይሮጥ ጀመር።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ አዛኑ ተሰማ። ጀማል ካርቶን አንጥፎ ከአባቱ ከሀጂ ጋር ተቀምጧል። ላስቲኩ ተከፍቷል። የተቀዳው ብርጭቆ ሀጂ እጅ ላይ ነው፤ ወደ አፋቸው እየሄደ ነው። ልጮህ ብል ትንፋሽ ከየት ይምጣ። ብርጭቆውን በጥፊ መታሁት።

አስቡት፣ በማፍጠሪያ ሰዓት የትልቅ ሰው እጅ! ጀማል ተስፈንጥሮ ተነሳና ኮሌታዬን ጨመደደው።

"አብደዋል እንዴ? ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ..."

እኔ ወደ መሬት ጠቆምኩ። የፈሰሰው ነገር ሲሚንቶው ላይ ቸስ እያለ አረፋ ይደፍቃል። የጀማል እጅ ላላ።

የሀጂን እጅ ጎትቼ ቧንቧ ስር ከተትኩት። "ጠጥተዋል? ይንገሩኝ፣ ጠጥተዋል?"

"አልጠጣሁም። መጀመሪያ ቴምር ነው፤ እሱን እያኘክኩ ነበር።"

እዚያው መሬቱ ላይ ዘፍ አልኩ። እጃቸው ትንሽ ከመቅላቱ በቀር ምንም አልሆነ። ጀማል ሌላ ውሃ አስመጣና መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ። ለካ ወዛደሩም ጾመኛ ኖሯል፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አፈጠረ። እኔም ከድንጋጤዬ ብዛት ቴምሩን በላይ በላዩ እጎርሰዋለሁ።

ሀጂ አዩኝ አዩኝና፣ "ለመሆኑ ጾመው ነበር?" አሉ።

"ኧረ ቁርስም ምሳም በልቻለሁ።"

"እንግዲያው ሳይጾሙ አፍጥረዋል። የአንድ ቀን ጾም ዕዳ አለብዎት!"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን የአሲዱን ላስቲክ ክዳን ደጋግሜ እያጠበቅኩ ስለነበር ዘግይቼ ነው የሳቅኩት።

አሁን ቤቴ ውስጥ የስኳሩም የጨውም ዕቃ ስሙ ተጽፎበታል። ባለቤቴ "እኔም ላይ ጻፍብኝና ይለይልህ" ትለኛለች። ትሳቅ። እኔ ያ ብርጭቆ ወደ ሀጂ አፍ ሲሄድ አሁንም ይታየኛል።

ዘንድሮ ረመዳን ዕዳዬን ልከፍል ሞክሬ ነበር፤ ረፋዱ ላይ እጄ ሳላዝዘው ዳቦ ቆረሰ። ሀጂ ባገኙኝ ቁጥር "ያቺ ቀንስ?" ይሉኛል። በሕይወት ኖረው ስለጠየቁኝ ደስ እያለኝ "በሚቀጥለው" እላቸዋለሁ። እስከ ዛሬ አልጾምኩላቸውም።