እትዬ እናንሳው

የጂኦግራፊ መምህራችንን «እትዬ እናንሳው» ያልናት በገዛ አፏ ነው። ተማሪ ወደቀ ሲባል «የት ወደቀ? እናንሳው» ትላለች፤ ጉድጓድ የገባ ይመስል።

አንድ ቀን አንድ አባት ተቆጥቶ መጣ።

«ልጄ በሁሉም ትምህርት ወድቃለች። ከእንግዲህ ቤት ትቀመጥ።»

«የት ወደቀች?»

«ምን የት አለው፣ እትዬ? ከምላሷ በቀር የሚሠራ ነገር የላትም።»

«እሱኑ ይስጡኝ።»

ልጅቷ በእርግጥ ወሬኛ ነበረች። ከኋላ ወንበር ስታንሾካሹክ የጎረቤት ትምህርት ቤት ይሰማታል። መምህርቷ እጇን ይዛ አውቶቡስ መናኸሪያ ወሰደቻት። የመናኸሪያው ጠሪ ድምፁ እንደ ትንኝ ስለሆነ፣ ሰው የተሳሳተ መኪና መሳፈሩን የሚያውቀው ሰው አገር ሲደርስ ነበር። ልጅቷ የጠሪውን የድምፅ ማጉያ ይዛ አንዴ ብትጣራ፣ እንኳን ተሳፋሪው፣ አምና የሄዱት መኪኖችም ሊመለሱ ዳዳቸው። እዚያው ቀጠሯት፤ አሁን ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት ትጣራለች።

በቀደም አባትየው መንገድ ሊሄድ መናኸሪያ መጣ። ልጅቷ የሚሄድበትን መኪና ደጋግማ ጠራች። እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ላገኘው ሁሉ «የኔ ልጅ ናት» ይላል።

«አባባ፣ መኪናህ ሊሄድ ነው» አለች በማጉያው።

«ይሂድ» አላት። «የሚቀጥለውን ጥሪ።»