ባትሪው እስኪበርድ

ድሬ ውስጥ ዚነትን የማያውቅ ካለ፣ መስኮቱ መጋረጃ የሌለው ሰው ነው። ግድግዳ ሰርስራ የመጋረጃ ብረት ትሰቅላለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ነው። ደግሞ ነገር መመርመር ነፍሷ ነው። ገመድ አልባ ድሪሏን የገዛች ሰሞን፣ ቻርጀሩ ጠዋት ባትሪውን ይቀበልና ቀትር ላይ ቀይ መብራት እያብለጨለጨ እምቢ ይላታል። ሌላ ሰው ተራግሞ ይተወው ነበር። እሷ ባትሪውን ወደ ጉንጯ እያስጠጋች፣ ጥላ ውስጥ እያቆየች፣ እንደገና እየሰካች ስትሞክር ከረመች። ለካ የጋለ ባትሪ ቻርጅ አይበላም!

የፋዱማ ልጅ ኑርሀን ልትዳር ነውና ዚነት ከዚራ ሰፈር፣ ፋዱማ ቤት ተጠራች። አመሻሽ ላይ የሙሽራው ዘመዶች የሙሽራዋን ክፍል ሊያዩ ይመጣሉ፤ ሁለቱም መስኮቶች መጋረጃ ለብሰው መጠበቅ አለባቸው። ዚነት አንዱን ሰቅላ ሁለተኛውን ስትጀምር ድሪሉ ዝም አለ። ያላት አንድ ባትሪ ነው፤ እሱም ከሥራ ብዛት ግሏል።

«አቦ፣ ስኪውና ጨርሺልኝ!» አለች ፋዱማ።

«መጀመሪያ ይብረድ።»

ባትሪውን በረንዳው ጥላ ውስጥ አስቀምጣ ልትሰግድ ገባች።

ፋዱማ ግን መታገሥ አልቻለችም። የድሬ ሰው የጋለ ነገር ማብረድ ይጠፋዋል እንዴ? የመጠጥ ውሃ ጀሪካን የሚጠቀለልበትን እርጥብ ጆንያ አምጥታ ባትሪውን ጠቀለለችው። ቶሎ እንዲበርድ ብላም አንድ ጣሳ ውሃ ቸለሰችበት።

ዚነት ስትመለስ ባትሪው ውሃ ያንጠባጥባል።

«ምን አደረግሽ ፋዱማ!»

«አበረድኩልሻ! በጨርቅ ጠርጌ አደርቀዋለሁ፤ በሞቴ ስኪው!»

ዚነት ወደ ክፍሉ አየች። አዲሱ ስፖንጅ ፍራሽ፣ የተከመረው መጋረጃ፣ ከአጠገቡ ቻርጀሩ የተሰካበት የመብራት ማከፋፈያ፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሥራውን ሳትጨርስ ከሄደች ነገ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ምን እንደሚወራ ታውቃለች፤ «ሴት ድሪል ይዛ!» ይሏታል። ስሟ ከጠፋ ማን ይጠራታል? ፈራች፣ በጣም ፈራች። ቢሆንም ባትሪውን ጓሮ ወስዳ፣ ምንም በሌለበት አሸዋ ላይ አስቀምጣ ራቅ ብላ ቁጢጥ አለች። ውሃው ውስጡ ምን እንደሚሠራ ማየት ፈለገች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ፋዱማ ተናዳ።

«እኔም አላውቅም። እስቲ እንይ።»

መጀመሪያ ትንሽ ተንጣጣ። ቀጥሎ የሚከረፋ ነጭ ጭስ ተነሣ፤ ፕላስቲኩ አብጦ ተሰነጠቀ፣ ነበልባልም ብልጭ አለ። ዚነት አሸዋ በአካፋ እየዛቀች ከሩቅ ከመረችበት።

«ያ አላህ!» አለች ፋዱማ፤ ወደ ኑርሀን ክፍል ዞራ አየች።

እንግዶቹ በሰዓታቸው መጡ። ከመካከላቸው ሑዳ የምትባል ምላሰኛ የሙሽራው አክስት ገና ከመግባቷ ባዶውን መስኮት በአገጯ አሳየች።

«ይሄኛው ምን በድሎ ነው?»

ዚነት አንገቷን ደፋች። ፋዱማ ተነሥታ ቆመች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ባትሪዋ ላይ ውሃ ደፋሁ፣ ካልሰካሽው ብዬም ጨቀጨቅኳት። እምቢ ባትለኝ ወላሂ ዛሬ የምታዩት ሙሽራ ሳይሆን አመድ ነበር።»

ሑዳ ዚነትን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣

«የኔንም ቤት መጋረጃ ትሰቅይልኛለሽ» አለች። «ማንም ቢጨቀጭቅሽ ግን እንዳትሰሚ። እኔም ብሆን።»