በኮንሰርቴ ያለቀሱ ሰዎች

ከናዝሬት የወጣሁ ለት፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ እየነፋ፣ እናቴ አንገቴ ላይ ፎጣ ትጠመጥማለች። በዚያ ሙቀት ፎጣ! «አሜሪካ ብርድ ነው አሉ፤ ያንተ እንጀራ ጉሮሮህ ነው» ትላለች። አባቴ፣ የባቡር ጡረተኛው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቼ ቴነር ከሆንኩ፣ ማለትም ያን ከፍ ያለውን የወንድ ድምፅ የምዘፍን ሰው ከሆንኩ ጀምሮ፣ ስለ ድምፄ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ለእሱ ዘፋኝ ያው አዝማሪ ነው። ጉልበቱን ስሜ ስነሳ «እዚያ እንኳ ሰው የሚሠራውን ሥራ ሥራ» አለኝ። እናቴ ግን መኪናው ድረስ ተከትላኝ፣ «ሙዚቀኞቹ ሁሉ ከበውህ የዘፈንክ ቀን፣ በስልክም ቢሆን ታሰማኛለህ» ብላ አስማለችኝ። ማልኩላት።

ዲቪ ደርሶኝ የገባሁት ኦክላንድ ነው። እናንተ አሜሪካ ሲባል በረዶ ይታያችኋል፤ ኦክላንድ ግን ሐምሌ ላይ ጃኬት የሚያስለብስ፣ መስከረም ላይ የሚያቃጥል፣ ወሩ የጠፋበት አገር ነው። ሎሚ በየሰው ደጅ ወድቆ ይበሰብሳል፣ የሚያነሳው የለም። የተከራየሁት እትዬ ለተ ቤት ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ነው። እትዬ ለተ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ባልቴት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ድምፄን ሳሟሙቅ ጎረቤት ደውሎ ፖሊስ መጣ።

«ማነው የሚጮኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነክቶህ ነው?»

«ማንም አልነካኝም። ቴነር ነኝ።»

ፖሊሱ ቴነር የሚባል በሽታ ያለ ይመስል ወደ እትዬ ለተ ዞረ። እሳቸው በዚያች እንግሊዝኛቸው ሰው ሞቶበት ነው፣ በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚለቀሰው አሉት። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ አጽናንቶኝ ሄደ።

«ስማ ልጄ፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳትጮህ። እኔ በየሳምንቱ ሰው ልገድልልህ አልችልም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ የምለማመደው ሥራዬ ላይ ሆነ። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የምጎትት ሾፌር ነኝ፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ የትራኩን መስኮት ዘግቼ እዘፍናለሁ። በእረፍት ቀኔ ከኦክላንድ ማዶ ባለችው አላሜዳ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ ፒያኖ ብቻ እያጀበኝ፣ ለፈረንጅ አሮጊቶች ዘፈንኩ። ሐበሻውን ስጠራው «ወንድሜ፣ በጣም ነበር የምፈልገው፣ ግን ሺፍት አለኝ» ይላል። ሳቅ ብዬ ባልፈውም ያንገበግበኝ ነበር። ከገዛ ሰዎቼ አንዱ እንኳ ሰምቶኝ፣ ይኼ ልጅ ዘፋኝ ነው ቢል ምን ነበረበት?

ዓመታት አለፉና ከኦክላንድ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቀው ሳን ሆዜ ያለ አንድ ትልቅ ኳየር፣ ማለትም የመዘምራን ቡድን፣ ውስጥ ገባሁ። ቆይቶም መሪው የኦራቶሪዮ የቴነሩን ክፍል ለእኔ ሰጠኝ። ኦራቶሪዮ ልብስና መጋረጃ የሌለው ቲያትር በሉት፤ ኦርኬስትራው ከኋላ፣ ኳየሩ ከዳር፣ ቴነሩ መሀል ቆሞ ታሪኩን በዜማ ይነግራል። ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ።

«ሙዚቀኞቹ ብዙ ናቸው?»

«ግቢያችን አይበቃቸውም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ያ የተባለው ቀን ደረሰ» ብላ ሳቀች። ኮንሰርቱ እንዳለቀ ደውዬ ልዘፍንላት ተቀጣጠርን።

በኮንሰርቱ ሳምንት ስደውል ስልኩን የምታነሳው እህቴ አልማዝ ብቻ ሆነች። እማዬ ጸበል ሄዳለች፤ እማዬ ተኝታለች። ተናደድኩ። ሴትዮዋ ቀጠሯችንን ረሳችው እንዴ አልኩ።

እሑድ ከሰዓት መድረክ ላይ ስወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሐበሻ ነው የሞላው! እትዬ ለተ፣ የወደቡ ሾፌሮች፣ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ፕሮፌሰር ሆነው ጡረታ የወጡት ጋሽ ታደሰ፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰው ከፊት ተደርድረዋል። ለካ ኮንሰርት በጥቁር ልብስ እንደሚኬድ ያውቃሉ፣ አልኩ በልቤ። ዛሬ ማንም ሺፍት የለበትም!

ያን ቀን እንደዘፈንኩት ዘፍኜ አላውቅም። ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚሄደው ዜማ ላይ ስደርስ እትዬ ለተ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያ ግዙፉ ሾፌር ግርማ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? የዘፈንኩት በጀርመንኛ ነው፤ እነሱ ጀርመንኛ አያውቁም፣ ድምፄ ነው ያስለቀሳቸው አልኩ። ሲያልቅ አንድ በአንድ መጥተው አቀፉኝ፤ አልለቅህ አሉኝ። ጎበዝ ያለኝ ግን የለም።

«ቤት ልደውል ነው፣ እናቴ እየጠበቀችኝ ነው» ስል ጋሽ ታደሰ ክንዴን ያዙኝ።

«አሁን እዚያ አልነጋም። ዛሬ ኮል አታድርግ፣ ደክሞሃል። ጠዋት ቁርስ ይዘን እንመጣለን።»

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ትናንት የለበሱትን ጥቁር እንደለበሱ ቆመዋል፣ ሁሉም። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ መርዶ በስልክ አይነግርም፤ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይመጣል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

እናቴ ያረፈችው ሐሙስ ነው። አልማዝ ለእትዬ ለተ ደውላ ነግራቸው፣ ተማክረው፣ ልጁ ይዝፈን፣ ከዚያ ይነገረው ብለዋል። ማን ያውቃል፣ ወሬው ቢያመልጥ ብቻዬን እንዳልሆን ብለው ነው ሳን ሆዜ ድረስ የመጡት። ጮህኩ። እትዬ ለተ «ጩህ ልጄ፣ ዛሬ ጩህ» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ።

ከሰዓት በፊት ናዝሬት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው አባቴ ነው። ከኋላው የድንኳኑ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ዘፈንክ?» አለኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ዘፈንኩ፣ አባዬ።»

«ያገር ሰው ነበረ?»

«ሞልቶ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«አለቀሱ።»

«ተመስገን። እዚያም ተለቀሰላት።»

በድምፄ ነው ያለቀሱት ልለው አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ግን ያን ለትም አላወቅኩት፣ ዛሬም አላውቀውም፤ እነሱንም ጠይቄያቸው አላውቅም።

«አዎ፣ አባዬ፣ ተለቀሰላት» አልኩት።