ምስክር ሆኜ የኖርኩበት ቤት

አብራኝ የምትኖረው ደባሌ ፍራሿን ጠቅልላ በባጃጅ የሄደችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እጮኛዋ ቢሾፍቱ ሥራ አግኝቶላት ነበር። «የቤቱን ነገር አታስቢ፣ ውሉ ገና ብዙ ይቀረዋል» ብላ ስማኝ ሄደች።

ቃሊቲ ውስጥ፣ ከምሠራበት ክር ፋብሪካ በእግር በሚደረስ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ የቤቱ ንግግር ሁሉ የእሷ ነበር። ውሃ ሲጠፋ የምትጠይቀው፣ መብራት ሲቆራረጥ የምትጨቃጨቀው እሷ ናት። እኔ አንገቴን አቀርቅሬ እገባለሁ፣ አቀርቅሬ እወጣለሁ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ አከራያችን በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ግቢው ድሮ እርሻ በነበረ ጊዜ እዚያው ያደጉ አሮጊት ናቸው።

«ያቺ ወሬኛዬ ሄደች አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲህ አንቺም ቤት ፈልጊ። እኔ የተዋዋልኩት ከእሷ ጋር ነው።»

እኔም ፈርሜያለሁ ልላቸው ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ ቤት ብወጣ ሌላ በእግር የምደርስበት አላገኝም።

በማግስቱ አብራኝ ለምትሠራ የወሎ ልጅ ነገርኳት።

«ወረዳ ሂጂያ! ውሉ የተመዘገበው እዚያ አይደል? ዝም ብሎ ውጪ ማለት የለም።»

«ሄጄ ምን እላለሁ?»

«አፍ የለሽም?»

«የለኝም።»

«ከእኔ ተበደሪ፤ እኔስ በዝቶብኛል።»

ወረዳ ሄድኩ። ሠራተኛው የውሉን ቅጂ አውጥቶ ፊርማዬን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ሳሳየው ሳቁን ያዝ አደረገ።

«እህቴ፣ እዚህ ላይ እኮ ምስክር ነሽ። ተከራይዋ ጓደኛሽ ብቻ ናት።»

ፊቴ ጋለ። ውሉ የተፈረመ ቀን ትዝ አለኝ። መታወቂያ የሰጠችው እሷ ብቻ ነበረች። ቤቱን ያገኘልን ደላላ እስክሪብቶውን አቀብሎ «ፈርሚ» ሲለኝ የቱ ጋ ብዬ መጠየቅ አፍሬ ክፍት ባየሁት መስመር ላይ ፈረምኩ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ማንበብ እችላለሁ። ሰው እያየኝ ማንበብ ነው ያሳፈረኝ።

ሠራተኛው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «ጓደኛሽ ስለወጣች ብቻ ውሉ አልፈረሰም። አስቀድማ አሳውቃ፣ መጥታ እስክታፈርሰው በስሟ ይቆያል። አንቺ ግን በእሷ ስም ተንጠልጥለሽ አትኖሪም። ሦስታችሁም ኑ፤ የእሷ ይፍረስና ያንቺ ይጻፍ። አከራይዋ ከተስማሙ ነው ታዲያ።»

«ካልተስማሙስ?»

«እሱን እኔን ነው የምትጠይቂኝ? እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

ግቢ ስደርስ እማማ ጎመናቸውን ውሃ ያጠጣሉ። ሰላም ሳልል «እማማ፣ አያስወጡኝ!» አልኩ። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። «ቤቱን በስሜ ያድርጉልኝ።»

ጆጉን አስቀመጡ። «አንቺ ድምፅ አለሽ እንዴ?»

ጆጉን አንስቼ የቀረውን ውሃ ጎመኑ ላይ አፈሰስኩ።

«ንቀሽኝ መስሎኝ ነበር። ያቺ ስትወጣ ስትገባ ታጫውተኝ ነበር። አንቺ ብቻሽን ሆነሽ ብትታመሚ በምን አውቃለሁ? አንድ ቀን ሞታ ትገኝብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

«ንቄዎት አይደለም፤ አፍሬ ነው።»

«እኔን? ጥርስ እንኳ የሌለኝን?» ብለው ሳቁ።

«ብቻዬንም አልሆንም» አልኩ። «አብራኝ የምትሠራ ልጅ ትገባለች።» ልጅቷን ገና አልጠየቅኋትም ነበር።

«ታወራለች?»

«ከልክ በላይ።»

«እንግዲያው ይሁን። አንቺ ግን ጠዋት ጠዋት በሬን ሳታንኳኪ ሥራ አትሄጂም።»

የወሎዋ ልጅ ስጠይቃት «አፌን ካበደርኩሽ እኔም መከተሌ አይቀርም» አለችኝ። የድሮዋ ደባሌ ከቢሾፍቱ መጣችና ሁላችንም ወረዳ ሄድን። የእሷ ውል ፈረሰ፣ አዲሱ በእኔና በአዲሷ ደባሌ ስም ተጻፈ።

ሠራተኛው እስክሪብቶውን ሲያቀብለኝ «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አልኩት። ከዚያ ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር።

«ልጅቷ ልትሸመድደው ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

ጆሮዬ ጋለ፣ ግን አላቆምኩም። እማማ ዞረው ተቆጡ፦ «ቤቷ ነው፣ ታንብበው!»

አንብቤ ጨርሼ በተከራይ ቦታ ፈረምኩ። የድሮዋ ደባሌ በምስክር መስመር ላይ ፈረመችልኝ።