ተኝቶ የነበረው ወንዝ

መጀመሪያ ማን እንደሆንሁ ልናገር። ከመካነ ኢየሱስ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬደው የእኛ ሸለቆ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ የተማረ ሰው ቢፈለግ እኔ ብቻ ነኝ። ፊደሉን አንድ ዲያቆን በሁለት ሳምንት አሳየኝ፤ የቀረውን ባለ ሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ለብቻዬ ተማርሁ። ማሳ በዓይኔ ለክቼ የተናገርሁት በገመድ ሲለካ ከአንድ እርምጃ በላይ ስቶ አያውቅም። ማመልከቻ ለማጻፍ ከሦስት ቀበሌ ሰው ይመጣብኝ ነበር። አንዱን ማመልከቻዬን ዳኛው አንብቦ «ጠበቃህ ማነው?» ብሎ ባለጉዳዩን ጠይቆታል።

ለሃያ ሁለት ዓመትም የውሃ አባት ነበርሁ። የውሃ አባት ማለት ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ የሚመጣውን ውሃ ለባለ ማሳዎች በተራ የሚያካፍል፣ ተራ የሰረቀውን የሚቀጣ፣ ቦዩ ሲደፈን ሁሉንም አካፋ አስይዞ የሚያስወጣ ሰው ነው። ሲሾም ውሃውን ላያዳላበት፣ ላይሸጠው፣ አሳልፎ ላይሰጠው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይምላል። ከእኔ በፊት በነበሩት ዘመን በውሃ ተራ ምክንያት ሰው እስከ መገዳደል ደርሶ ነበር። በእኔ ዘመን የወለቀው አንድ ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ይነቃነቅ የነበረ ነው።

ትልቁ ሥራዬ ግን የወንዙ ደብተር ነው። ወንዙን የላይ አገር ሰዎች በአንድ ስም፣ የታች አገር ሰዎች በሌላ ስም ይጠሩታል፤ እኛ መካከል ያለነው ወንዙ ብቻ እንለዋለን። ከጉና ጎን ከሦስት ምንጮች ይነሣል። ሁለቱ በበጋ ይደርቃሉ። ሦስተኛው ጠበል ስለሆነ አይደርቅም ይባላል፤ እኔም ጠበልነቱን አልክድም፣ ግን ከበላዩ ያለው ረግረግ ውሃ ይዞ ቀስ እያለ እንደሚለቅለት በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ የገብሱን አገር አልፎ ወደ ስንዴው አገር ይወርዳል። እኛ ሸለቆ ሲገባ ይሰፋል፣ ይሰንፋል፣ የተሸከመውን አሸዋ ያራግፋል። ከእኛ በታች በጠባብ ገደል ተንደርድሮ ወደ ዓባይ በረሃ ይገባል። ይህን ሁሉ በእግሬ ሄጃለሁ። እያንዳንዱን መሻገሪያ፣ ከብት የሚወስደውን የወንዙን ጥልቅ ባሕር ሁሉ በስሙ ጽፌያለሁ።

ታሪኩንም ጽፌያለሁ። በአባቴ ዘመን በዳርና ዳሩ ሰባት የውሃ ወፍጮ ነበረ። የናፍጣ ወፍጮ ሲመጣ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ የመጨረሻው ወፍጮ ድንጋይ ዛሬ የአንድ ጠጅ ቤት ደጃፍ መርገጫ ነው። ከዚያ መንገዱ መጣ። ከመንገዱ ጋር የድንጋይ መፍጫው፣ ከመፍጫው ጋር ብሎኬት ሠሪዎቹ መጡ። ጸጥታ የምናውቅ ሰዎች አሁን ለመደማመጥ እንጮኻለን፤ አቧራው የባቄላውን ቅጠል ያለብሰዋል። ይህን ለመውቀስ አልጻፍሁትም። የእኔም ቤት በብሎኬት ነው የተሠራው።

ከደብተሩ ውስጥ የምኮራበት ግን ሌላ ነው። የድሮ ሽማግሌዎች በመሬት ክርክር ሲመሰክሩ «በምሥራቅ ወንዙ ያዋስነዋል» ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ ሳየው ወንዙ በምዕራብ ነው። ሰው ሁሉ ሽማግሌዎቹ አርጅተው ነው ብሎ ይተወዋል። እኔ አልተውሁትም፤ ለዓመታት ሳወጣና ሳወርድ ኖርሁ። አንድ ዝናብ ያጠረበት ዓመት ኮረብታው ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ፣ ባልደረሰው ገብስ መካከል አንድ ቢጫ መስመር አየሁ። ሌላው ገብስ ገና አረንጓዴ ነው፤ መስመሩ እንደ መቀነት ተጠማዞ ማሳውን አቋርጦ፣ በወል ግጦሹ ሣር ላይ አልፎ፣ ቦያችን ከወንዙ ውሃ እስከሚቀበልበት ጠለፋ ድረስ ይሄዳል። ወርጄ በመቆፈሪያ ወጋሁት። ከአንድ ክንድ አፈር በታች ንጹሕ የወንዝ አሸዋ ነበር። ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ። ወንዙ ድሮ በዚያ ይሄድ ነበር፤ አንድ ክረምት ሞልቶ መንገዱን ጥሎ ወደ ምዕራብ ዞረ፣ አሮጌው መሄጃው አፈር ለበሰ። መሐንዲስ አላየውም፣ አስተማሪ አላየውም፤ እኔ አየሁት። ደብተሩ ላይ ካርታውን ሥዬ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ይህ ሜዳ ሜዳ አይደለም፤ ተኝቶ ያለ ወንዝ ነው።» ከጻፍሁት ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ይህን የነገርሁት አንድ ሰው ነበረ። የማኅበር ወንድሜ ነው፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ለሚካኤል ጽዋ የምንጠጣ አሥራ ሁለት ሰዎች ነን፣ እሱና እኔ ከጎልማሳነታችን ጀምሮ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሚስቴ ስትሞት ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። በማኅበራችን ደንብ ጸሎት ተደርሶ ጽዋው ከተነሣ በኋላ የተነገረ ነገር ከቤቱ አይወጣም። የተቀያየመም ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀበልም።

ነገሩን ባነሣሁበት ቀን ማኅበርተኛው ገና እየገባ ነበር።

«አያ ሊቁ» አለኝ የማኅበር ወንድሜ፤ ሲያሾፍብኝ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «አሁን ደግሞ ምን አገኘህ? ወንዙ ሽቅብ ይሄዳል ልትለን ነው?»

«ሽቅብስ አይሄድም። ተኝቷል።»

«የት ነው የተኛው?»

«አንተ በሬህን የምታሰማራበት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ማኅበሩን የሚመራው ሽማግሌ እንኳ «ኧረ ጠላው ገና አልተቀዳም፣ ምን ጠጥቶ መጣ?» አለ። እኔ መሳቂያ መሆን አልችልበትም። በማግስቱ ጠዋት የማኅበር ወንድሜን ይዤው ሄድሁ፤ ከጠለፋው ጀምሬ እስከ ታችኛው ማሳ መስመሩን በዱላዬ እየጠቆምሁ አስኬድሁት፣ በሦስት ቦታ ወግቼ አሸዋውን በእጁ አስጨበጥሁት።

«ጥልቀቱ ስንት ይሆናል?» አለ።

«የሁለት ሰው ቁመት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

እርግጠኛ ነህ ወይ መባል አልወድም። ቤቴ ወስጄ ካርታውን አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፣ ግን ለረጅም ጊዜ አየው። «ሥዕሉን እቤት ሆኜ ልየው፣ ከዚህ በኋላ ማን ይስቅብሃል» አለ። ደብተሩን እንዳለ ሰጠሁት። ሥራዬን ከቁም ነገር የቆጠረ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኝ እስከ በሩ ሸኘሁት።

ከፋሲካ በኋላ እህቴ የጠወለገ የነጭ ሽንኩርት ቅጠል ይዛ መጣች። ነጭ ሽንኩርቷ ራስ እያበጀ ነበር፣ ውሃ በብርቱ የሚፈልግበት ሰዓት ነው።

«ወንድማለም፣ ዛሬ የእኔ ተራ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ውሃው የት አለ? ማንን ልቆጣ? አንተን ነው የምቆጣው!»

ቦዩን ተከትለን ሽቅብ ወጣን። ጠብታ የሚያህል እርጥበት እንኳ የለበትም። ጠለፋው ጋ ስንደርስ አፉ ደርቋል፤ ወንዙ ከአፉ በታች አንድ ክንድ ወርዷል። የት እንደሄደ ለማየት መፈለግ አላስፈለገም። የወል ግጦሹ ተቆፍሮ ጉድጓድ ሆኗል፣ ገልባጭ መኪኖች ተሰልፈዋል፣ የወንዙ ውሃ በአሸዋው ውስጥ ለውስጥ ሰርጎ ጉድጓዱን ሞልቶታል። ጉድጓዱ የሚጠማዘዘው እኔ በዱላዬ በጠቆምሁት መስመር ነው። አንድ እርምጃ እንኳ አልሳቱም። በጉድጓዱ አፍ ላይ የማኅበር ወንድሜ ቦቲ ጫማ አድርጎ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልሁት።

«ሥራ ነው። ወጣቶቹ ተደራጅተው አሸዋ ያወጣሉ፤ እኔ እመራቸዋለሁ።»

«በማኅበር ቤት የነገርሁህን?»

ፊቴን ሳያይ «ጽዋው ሳይነሣ ነው የነገርኸኝ» አለ።

እውነቱን ነው። ጽዋው አልተነሣም ነበር። ለስንት ዓመት ጎን ለጎን በተቀመጥን ሰዎች መካከል ይህን የሚቆጥር ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። እህቴ «አንተ ሰው፣ የቀመስኸው እህል ይፍረድብህ!» ብላ ቅጠሉን ፊቱ ላይ ወረወረችው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ብዕር አነሣሁ።

በሳምንቱ ቀበሌው ባለ ማሳዎቹን ሰበሰበ። ከቦያችን የሚጠጣ ማሳ ያለው ሁሉ መጣ። እኔ አቤቱታዬን አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥሩ አቤቱታ ነው፤ የወል ግጦሽ ያለ ባለ ማሳዎቹ ፈቃድ ሊቆፈር አይገባም የሚል። ተነሥቼ አነበብሁት። የቀበሌው ሹም በአክብሮት ሰምቶኝ ሲያበቃ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር አነሣ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?»

«ነው።»

ከፍ ባለ ድምፅ አነበበው፦ «ይህ ሜዳ ሜዳ አይደለም፤ ተኝቶ ያለ ወንዝ ነው።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «እንግዲህ የወንዝ መሄጃ ከሆነ ግጦሽ ሊባል አይችልም» አለ። «ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የራሳችሁ የውሃ አባት ነው የጻፈው።»

በሕይወቴ ያማረ ነገር ጽፌ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ሲነበብ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ለውሃ አባትነት ሾምንህ፣ የአሸዋ አባት ሆነህ መጣህ!» አለ አንድ ጎረቤቴ።

«ዝም በሉ፣ ሊቅ ነው እኮ!» አለች ሌላዋ። «ውሃችንን የት እንደቀበረው እስቲ ያንብብልን!»

«ሸጠኸን ነው?» ብሎ የጠየቀኝም አለ፤ ሚስቱን ምጥ ሲይዛት ሌሊት አዝዬ ሐኪም ቤት ያደረስሁለት ሰው ነው። የማኅበር ወንድሜን አየሁት። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። «እሱ አያውቅም፣ ደብተሩን የወሰድሁት እኔ ነኝ» ቢል ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ቦቲውን እያየ ተቀመጠ። የውሃ አባትነቴን በዚያው ስብሰባ ነጠቁኝና ለሌላ ሰጡት፤ ለእሱም ቢሆን የሚያካፍለው ውሃ አልነበረም።

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በአራተኛው ቀን ወደ ጠለፋው ብቻዬን ሄድሁ። ተቀምጬ ሳይ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አሸዋ ባለበት ወንዙ ሁልጊዜ ይወርዳል፤ ጉድጓዱ ቢዘጋ እንኳ ዘንድሮ ተመልሶ አይነሣም። አሸዋ የማይገባበት ቦታ ግን ከዚያ በላይ አለ፤ ወንዙ በጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚሄድበት። ማንም ቢቆፍር ድንጋዩ አይወርድም። ጠለፋው ወደዚያ መውጣት አለበት። ለአዲሱ የውሃ አባት ስነግረው «ውሃው ኮረብታውን ዞሮ እዚህ አይደርስም፣ ደግሞ አንተን የሚሰማህ ማን አለ?» አለኝ። እህቴን ጠራኋት። ግንበኞች ግድግዳ የሚያስተካክሉበትን ውሃ የሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ተዋስሁ። እሷ አንዱን ጫፍ ይዛ፣ እኔ ሌላውን ይዤ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ እስከ አሮጌው ቦይ ከፍታውን እየለካን ችካል ተከልን።

«ወንድማለም፣ ቢሳሳትብህስ?» አለችኝ።

«አይሳሳትብኝም።»

«እንዲህ ስትል ነው የምፈራህ።»

አልተሳሳተብኝም።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ይህ ነው፦

አዲሱን ቦይ መጀመሪያ ከእህቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ቆፈርን፤ በሁለተኛው ሳምንት ስድስት ሰው ተጨመረ፣ በሦስተኛው ሁሉም ወጣ። በደቦው ላይ እንዲዘፈንልኝ አልጠየቅሁም፣ አልተዘፈነልኝምም።

ውሃው ቁልቁለቱን ጠብቆ አሮጌው ቦይ ገባ። የእህቴ ነጭ ሽንኩርት ግማሹ አልተረፈም፤ የሌሎቹ ድንች ግን ተርፏል።

ሌላ አቤቱታ ጽፌ ወረዳ ድረስ ወሰድሁ፤ ቁፋሮው ከአሮጌው ጠለፋ በላይ እንዳያልፍ ታግዷል። የተቆፈረው ግን ተቆፍሮ ቀረ።

ደብተሬን አስመለስሁ። ካርታው ያለበት ቅጠል ተቀድዷል። እንደገና ሣልሁት፤ ከበፊቱ ያምራል፤ ለማንም አላሳየሁትም።

ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ሲመጡ ይቅር ለእግዜር አልሁ፣ ጽዋውንም ተቀበልሁ። መቀመጫዬን ግን ወደ በሩ ቀየርሁ፤ የማኅበር ወንድሜም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

የውሃ አባትነቱን መልሰው ሊሰጡኝ መጡ፣ እንቢ አልሁ። ተራው ሲያጣላቸው ግን ይመጣሉ፤ እፈርዳለሁ።

በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ያለውን ጠለፋ በየክረምቱ እኔ ነኝ የማጸዳው። እስካሁን ቦዩ የደረቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ፍልፈል የቦዩን ጎን ቦርቡሮት ነበር፣ በቀትር አግኝቼ ደፈንሁት።