የታጠቡት ሰባት ጠገራዎች

ቀኑን ቁርጥ አድርጌ አላስታውሰውም። እኔ ነሐሴ ነበር እላለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ሐምሌ አላለቀም ትላለች። የማስታውሰው ማሽላው ወገብ መድረሱን፣ ከወልድያ በኩል መድፍ ባጓራ ቁጥር ዶሮዎቼ ዝናብ የመጣ መስሏቸው ወደ ቤት መግባታቸውን ነው። የጠገራ ሰው የሆንሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ዛሬ መርሳ ውስጥ አሮጌ ጠገራ ብር ያገኘ ሰው መጀመሪያ ለእኔ ያሳያል። አሥራ አንድ አሉኝ። ከግራና የመጣች አለች፣ ከውርጌሳ የመጣች አለች። "አብዬ፣ እንዴት ጀመሩት?" ይሉኛል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚሰበስበው ተርፎት ይመስላቸዋል። እኔ ግን የጀመርሁት አንድም የራሴ ሳይኖረኝ፣ የሰባት ሴቶችን የአንገት ጌጥ ይዤ ነው።

ጠገራ የምለው በአንድ ፊቷ ወፍራም ሴትዮ፣ በሌላው ፊቷ ባለ ሁለት ራስ አሞራ ያለባትን ከባድ የብር ገንዘብ ነው። ማርትሬዛ የሚሏትም አሉ። በአያቶቻችን ጊዜ ይገበያዩባት ነበር። እኔ ሳውቃት ግን ተበስታ፣ በጥቁር ክር ገብታ፣ ሴት ደረት ላይ ነው የምትውለው። እናት ለልጅ ትሰጣለች፣ ልጅም ለልጇ። የቸገራት ሴት ላሟን ትሸጥ ይሆናል፣ የእናቷን ጠገራ ግን እንጃ።

እኔ የሰፈራችን ቅሬ ዕቃ ጠባቂ ነኝ። ቅሬ ሰው ሲሞትብን የምንቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ አካፋው ሳይቀር ቁልፉ በእኔ እጅ ነው። ትምህርት ብዙ የለኝም። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ለቃቅሜያለሁ፤ ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ከቅሬው ዕቃ አንድ ጭልፋ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሴቶቹም ያመኑኝ በዚያ ነው።

የዚያን ቀን ሰፈሩ ተነቅሎ በእግሩ ወደ ውርጌሳ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ሊሄድ ተነሣ። መጀመሪያ የመጣችው ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ጎረቤታችን ናት። አንደበቷ በርበሬ ነው፣ ልቧ ግን ደህና ነው። ከአንገቷ ጠገራዋን ፈትታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

"አብዬ፣ ይቺን ያዙልኝ። መንገድ ላይ ከአንገቴ ጋር ይቆርጧታል።"

"እኔ ጋስ ቢመጡ?"

"ያንቱ አንገት ደግሞ ምን አለውና ይመጣሉ!"

ክሩን ግን አልሰጠችኝም። ባዶውን መልሳ አንገቷ ላይ አሰረችው። "ይቆየኝ፤ ስመለስ እመልሳታለሁ" አለች። እሷን ያየች ሌላዋም መጣች፣ ሌላዋም። ሰባት ሆኑ። ሰባቱም "አማና ነው፣ አደራዎን" እያሉ ጠገራቸውን ሰጡኝ፣ ሰባቱም ባዶ ክር አስረው መንገድ ጀመሩ።

እኔ አልሄድሁም። ባለቤቴ እግሯ አብጦ መራመድ አትችልም፤ ዓይኗንም ሞራ ጋርዶታል። እሷን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ሰባት ዓይነት ጨርቅ ቀደድሁና የእያንዳንዷን ለብቻ ቋጠርሁ፤ የሽንኩርት ቸርቻሪዋን በቀይ፣ ከሰባቱ አንዷ የነበረችውን የአዲሷን ሙሽራ በነጭ፣ እንዲህ እንዲህ እያልሁ። በገንቦ አድርጌ ከጓሮው ሎሚ ሥር ቀበርሁት። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። እሷ መዋሸት አታውቅም፤ ቢጠይቋት ትናገራለች፣ ብትናገር ደግሞ አማናው ይሄዳል።

እንዳሰብሁትም ጠየቋት። ታጣቂዎች ቤት ገብተው ሲፈትሹ አንዱ "ወርቅ፣ ብር፣ ምን አላችሁ?" አላት። እሷም ከተኛችበት ሳትነሣ "ብር? እኔን ሲያገባኝ አንድ አህያ ነበረው። እሱም ሞተ" አለችው። ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የቅሬውን ድስቶች አገላብጠው ወጡ። አልሐምዱሊላህ አልሁ፤ ያለማወቋ አዳነን።

ወራቱ እንዴት እንዳለፈ አላወራም፤ የሁሉም ቤት ያውቀዋል። ታጣቂዎቹ ሄደው ሰው መመለስ ጀመረ ሲባል ዶማ ይዤ ወደ ሎሚው ሄድሁ። ገንቦው ደህና ነው። ክዳኑን ስከፍት ግን ምስጥ ገብቶበታል። ቀይ የለ፣ ነጭ የለ፤ ጨርቁን ሁሉ አፈር አድርጎታል። ሰባቱ ጠገራዎች እርቃናቸውን ተቀላቅለው፣ ጭቃ ለብሰው ተቀምጠዋል።

ያኔ ቆም ብዬ ባስብ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ብሩን ምስጥ ስላልበላው ደስ ብሎኝ ሌላውን ረሳሁት። አማና ቆሽሾ አይመለስም ብዬ ከዚያው ከዛፉ ሎሚ ቆረጥሁ፣ አመድ አመጣሁ፣ በጆንያ ቁራጭ ጠዋቱን ሙሉ ስፈትግ ዋልሁ። ጭቃው ወጣ። ከጭቃው ሥር የነበረው ጥቁረት፣ የስንት ዘመን ቅቤና ላብም አብሮ ወጣ። ትሪ ላይ ስደረድራቸው ዛሬ የተሠሩ መሰሉ። በሥራዬ ተደስቼ ትንሽ አየኋቸው። ከዚያ የየባለቤታቸውን ልለይ ብዬ አንዷን አነሣሁ።

የትኛዋ የማን ናት?

ሴትዮዋ ያችው ሴትዮ፣ አሞራውም ያው አሞራ ነው። የተጻፈባቸው ቁጥር እንኳ አንድ ነው። ቀዳዳ ሁሉም አላቸው። አንደኛዋ ጠቆር ያለች፣ አንደኛዋ ቀላ ያለች እንደነበረች ትዝ ይለኛል፤ ያንን ደግሞ በገዛ እጄ ፍቄዋለሁ።

በማግስቱ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ደረሰች። ከስታለች፣ ጫማዋ በገመድ ታስሯል፤ ባዶው ክር አንገቷ ላይ ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ አለቀስን፣ ሳቅን። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"ጥቂት ቀን ታገሺኝ" አልኋት።

"አሉ አይደል አብዬ?"

"ኧረ አሉ።"

"ካሉ ቀኑ ለምን አስፈለገ? ጠገራ እንደ ሊጥ ይቦካል?"

አንዷን አንሥቼ ብሰጣት ምናልባት የሌላዋን እናት ጌጥ መስጠቴ ነው። አማና የሚመለሰው ራሱ ነው እንጂ አምሳያው አይደለም። ሌሎቹም ተመለሱና "ጥቂት ቀን" አልኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ መስጊድ በር ላይ ሰው ሲያየኝ ወሬ ማቆም ጀመረ። ጠባቂው በላው እየተባለ ነው። ሰው አልተቀየምሁም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው። ግን ሰባቱን ለየባለቤታቸው ካልመለስሁ የቅሬውን ቁልፍ ማስረከቤ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ቀብር ላይ በየትኛው ፊቴ እቆማለሁ?

መኪና መሄድ ሲጀምር በሲሪንቃ በኩል ወልድያ ወጣሁ። አንድ አንጥረኛ አውቃለሁ፤ ክርስቲያን ናቸው፣ አባታቸው ከትግራይ መጥተው እዚያው የቀሩ። ከእኔ አይተናነሱም በዕድሜ። ሱቃቸው ግማሽ በር ብቻ ነው የተከፈተው። ቀኑ ለእሳቸውም ከብዶ እንደሰነበተ ከበሩ አወቅሁ፤ አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ሰባቱን ሳፈስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማነው ያጠባቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"እጅዎ ይድረቅ ልል ነበር፤ ሽማግሌ ሆኑብኝ እንጂ።"

አጉሊ መነጽራቸውን ሰጥተው አጠገባቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ጌጥ እንዳለ፣ የጥንት ነጋዴ የጌጧን ነጥብ ካልቆጠረ እንደማይቀበል አሳዩኝ። ጠርዟን አስዳሰሱኝ፤ ዙሪያውን እንደ ጥልፍ ፊደል ተቀርጾበታል። ይቺ ብዙ እጅ የነካት ናት፣ ይቺ በኋላ የተሠራች ናት እያሉ የሰባቱንም ጠባይ ነገሩኝ። ጥቁረቱ ዕድሜዋ ነው፣ ዕድሜ አይታጠብም አሉኝ። የመጣሁበትን ጭንቅ ለትንሽ ጊዜ ረሳሁት፤ ሰው በሰባ ዓመቱ አዲስ ነገር ሲያይ እንደዚያ ነው። ልቤ ለጠገራ የተከፈተው እዚያች በርጩማ ላይ ነው።

"የማን የማን እንደሆኑስ?" አልኋቸው በመጨረሻ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ የማውቀው ብሩን ነው። አንገቱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ።"

ሲሸኙኝ "አላህ ይርዳዎት" አሉኝ። እኔም "እመብርሃን ትጠብቅዎ" አልኋቸው።

አንገት፣ አንገት እያልሁ መርሳ ደረስሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የጎረቤት ልጅ ፀጉር በዳበሳ ትሠራለች። እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። ይህች ሴት አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ሹሩባ ሠሪ ናት። ያንን ሁሉ አንገት ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? ልጅቷ እስክትሄድ ጠበቅሁና ሁሉንም ነገርኋት፤ የሎሚውን ሥር፣ ምስጡን፣ አመዱን።

"አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ወር እኔ በብር ላይ ተኝቼ በአህያ ስምል ነበር?" አለችና ሳቋ አልቆም አላት። ከዚያ "አምጣቸው" አለች።

ለካስ ነገሩ እንዲህ ነው። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ጠገራው ከፀጉሩ ጋር እንዳይጠላለፍባት ወደ ማጅራት ታዞረዋለች። እስክትጨርስ ድረስ ጠገራው አውራ ጣቷ ሥር ነው። እኔ በሎሚ ያጠፋሁት ለዓይን የሚታየውን ብቻ ነበር።

አንዷን አነሣች። "ይቺ ጠርዟ ተሸርፏል፣ ፀጉር ትይዝብኝ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ጠገራ ናት።" ሌላዋን አነሣች። "የዚች ቀዳዳ ጥግ ላይ ነው፣ ተጣማ ነው የምትንጠለጠል። የሙሽሪቱ ናት፣ ከአክስቷ የወረሰቻት።" እንዲህ እያለች አምስቱን ለየች። ሁለቱ ላይ ጣቷ ቆመ። "እነዚህ ይመሳሰላሉ። አንገቱን አምጣልኝ።"

ሽንኩርት ቸርቻሪዋን ጠራኋት። ባለቤቴ አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት።

"እትዬ፣ ጠገራዬን ብል ፀጉር ልትሠሪኝ ነው?"

"ዝም በይ፣ ጣቴ ያስብ።"

ባዶው ክር ላይ አንደኛዋን አስገብታ ወደ ማጅራቷ አዞረችና አንድ ዘለላ ጎነጎነች። አወጣቻት። ሁለተኛዋን አስገብታ ሌላ ዘለላ ጀመረች፤ መሐል ላይ እጇ ቀጥ አለ። "ይቺ ናት። ክሩ የሚያርፍባት ጎድጓዳ አላት፣ ጥፍሬን እዚያ ነበር የማሳርፈው።"

ሴትዮዋ ክሩን ወደ ደረቷ መልሳ ጠገራዋን በጣቷ ዳበሰች፣ ጎድጓዳውንም አገኘችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ናት። እናቴ ናት" አለች። ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። "ፊቷን እንዲህ የላጫት ማን ነው ግን?"

በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱ ስድስት ክር ላይ ተመለሱ። መስጊድ በር ላይ ሰው ወሬውን ሳያቋርጥ አሳለፈኝ፤ እኔም ቁልፌን ወገቤ ላይ እንደታሰረ ተውሁት። የሰባተኛዋ ባለቤት፣ አንዲት የሰፈራችን ባልቴት፣ ደሴ ልጇ ዘንድ ቀርታለች። ስልክ ሲመለስ ደወልሁላት። "ክሩ መንገድ ላይ ተበጥሶብኛል፤ እኔም የምመለስ አይደለሁም። ፀጉሬን ስትሠራ ለኖረችው ስጣት" አለችኝ። ለባለቤቴ ሰጠኋት። እሷ ደግሞ አገላብጣ መዳፌ ላይ መለሰቻት። "አንተ ነህ የምታፈጥባት፣ አንተው ያዛት። ብቻ አታጥባት" አለችኝ። የመጀመሪያዋ ጠገራዬ ያች ናት። አሁን መልሳ መጥቆር ጀምራለች።

አዲስ ለሚጀምሩ የምለው ትንሽ ነው፤ ሎሚና አመድ አታስጠጉ፣ ቀዳዳዋን ዳብሱ፣ ከማን አንገት እንደወረደች ጠይቁ። ማን አስተማረዎ ሲሉኝ የወልድያውን አንጥረኛ እጠራለሁ፣ ውሸት አይደለም፤ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ከዚያ ጭንቅ ያወጣችኝ ግን ከእኔ ጋር ስትኖር የደበቅሁባት፣ ዓይኗ ደክሞ ጣቷ ያልደከመው የሰፈራችን ሹሩባ ሠሪ፣ ባለቤቴ ናት።